ከሥር ያለው ፎቶ

ራዚያ ደላላ አትወድም። ከደላላም ጠሃን፣ ከጠሃም «ራዚ» እያለ የሚያቆላምጥበትን አፉን አትወድም። ሐይቅ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለችውን ጠባብ ፎቶ ቤቷን በረገጠ ቁጥር ፊቷን ታጠቁርበታለች፤ ሰውየው ግን ፊት አይቶ የሚመለስ ዓይነት አይደለም።

የዚያን ቀን ጠዋት ብቻውን አልመጣም። ታላቅ እህቷ ዙሌይካ ከኋላው ገባች፤ ዙሌይካ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ሂንድን በእጇ ይዛለች። ልጅቷ የእናቷን ሰፊ አባያ ለብሳ፣ ቅንድቧን ተኩላ፣ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ መጣች። ራዚያ ሳይነገራት ገባት።

«ራዚ፣ ለቀበሌ መታወቂያ አራት ጉርድ ፎቶ» አለ ጠሃ። «ሃያ ሁለት ዓመት እንድትመስል በታብሌትሽ እስክሪብቶ ነካ ነካ አርጊያት። ከዓይኗ ሥር፣ ከጉንጯ። ዓረብ አገር ልትሄድ ነው፣ ሪዝቋ ተከፍቶላታል።»

«እኔ አላውቅበትም።»

«ኧረ ባክሽ! ሙሽራ ስታሳምሪበት ስትውዪ አይደል እንዴ?»

ታውቅበታለች፤ መዋሸቷ ነው። የት እንደተማረችው ግን ጠሃም ዙሌይካም አያውቁም።

ራዚያ ራሷ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ጅዳ የገባችው እንዲህ ባለ ጉርድ ፎቶ ነው። ያኔ ታብሌት የሚባል ነገር እዚህ አገር አልታየም። ዙሌይካ የራሷን ኮት አልብሳ፣ ትከሻዋ እንዲሰፋ ከኮቱ ሥር ጨርቅ ወትፋ፣ ቅንድቧን ኩላ ፎቶ አስነሳቻት። በዓመቱ ማዳሟ፣ የልብስ እጅጌ አሳረርሽብኝ ብላ፣ የጋለ ካውያ ከአገጯ ሥር ለጠፈችባት። የማዳሟ ልጅ ሥዕል ተማሪ ነበረች፤ ታብሌት ላይ በእስክሪብቶ ስትስል ራዚያ ጠረጴዛ እየወለወለች በጎን ታያት ነበር። ልጅቷ አዘነችላትና ቤተሰቧ ዘንድ የምትልከውን ፎቶ እንዴት እንደምታስተካክል አሳየቻት። ከደህናው ቆዳ ቀለም ይወሰድና ጠባሳው ላይ ቀስ እየተደረገ ይደረባል፣ በቃ። ራዚያ በሕይወቷ መጀመሪያ ኤዲት ያደረገችው ፎቶ የገዛ ፊቷን ነው። እናቷ እንዳትደነግጥ ብላ አጠፋችው፤ የሚቀጥለውንም አጠፋችው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሐይቅ የሚደርሰው ፎቶዋ እያማረበት ሄደ።

ለውጥ መጣ በተባለ ዓመት፣ በ2010፣ የማዳሟ ልጅ የሰጠቻትን አሮጌ ታብሌት ይዛ ተመለሰች። ዙሌይካ ጠባሳውን አይታ ስትጠይቃት «ልመጣ ስል ዘይት ፈነጠቀብኝ» ብላ ወሬውን ዘጋችው። ፎቶ ቤት ከፈተች። ጦርነቱ ከተማ ሲገባ ካሜራውና ማተሚያው ተዘረፈ፣ ኋላ በዕቁብ ተተካ፤ ታብሌቱ የተረፈው ዙሌይካ ማሽላ ጎታዋ ውስጥ ቀብራ ስላከረመችው ነው። የዙሌይካ ባል ግን አልተረፈም። ይሄንንም ማለት ያስፈልጋል፤ ሴትየዋ ከመሬት ተነስታ ልጇን የምትሸኝ እንዳይመስል።

«እትዬ፣ ልጅ ናት እኮ» አለች ራዚያ።

«አንቺስ ልጅ አልነበርሽም? ምን ሆንሽ? ፎቶሽ ይኸው ግድግዳዬ ላይ ጨረቃ መስሎ ተሰቅሏል። ላንቺ ሲሆን ሐላል፣ ለልጄ ሲሆን ሐራም? ምቀኝነት ነው፣ ወላሂ!»

ራዚያ ደሟ ፈላ። በጠሃ ይሁን በእህቷ፣ ወይስ ግድግዳ ላይ በተሰቀለችው ጨረቃ፣ ለራሷም አልለይላት አለ። ታብሌቱን ከመሳቢያ አወጣች።

«አላልኩሽም? ልትሠራ ነው» አለ ጠሃ፣ ለዙሌይካ ጥርሱን እያሳየ።

ራዚያ የድሮ ፎቶዋን ፈልጋ ከፈተችው። «ግድግዳሽ ላይ ያለው ይሄ አይደል?»

«እሱ ነው።»

ታብሌቱ ዋናውን ፎቶ አይጥልም፤ የተሠራው ሁሉ እንደ ሽፋን ከላይ ነው የሚደረበው። ራዚያ ሽፋኑን በእስክሪብቶው ትፍቀው ጀመር። ከአገጯ ሥር ቀይ ነገር ብቅ አለ። ወደ አንገቷ ወረደ፣ ሰፋ። የካውያው ሹል አፍንጫ ሳይቀር ታትሟል፤ ቆዳው ውሃ ቋጥሯል። ከቁስሉ በላይ ያለው የልጅ ፊት ፈገግ ብሏል።

«ዘይት ነው አላልሽኝም?» አለች ዙሌይካ፣ ድምፅዋ ተቆራርጦ።

«ካውያ ነው። ሂንድን አክዬ ሳለሁ።»

«አቦ፣ ይሄ የድሮ ነው! አሁን ውል አለ፣ ሕግ አለ…»

«አንተ ዝም በል!» ያለችው ዙሌይካ ናት።

ሂንድ ተጠግታ ፎቶውን ብዙ አየችው። «አክስቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔም ስልክልሽ እንዲህ ታጠፊልኛለሽ አይደል? እማዬ እንዳታይ።»

ክፋት የላትም። ራዚያ ያኔ ያሰበችውን ነው ያሰበችው።

ዙሌይካ የሻርፗን ጫፍ በምራቋ አርሳ የልጇን ቅንድብ ታብስ ገባች። ኩሉ ግንባሯን አዳርሶ ልጅቷ እስክታለቅስ ድረስ ፈተገቻት። ጠሃ ደንበኛ ማስቀመጫውን ዱካ በእግሩ ገፍቶ «ፎቶ ቤት ሞልቷል!» ብሎ ወጣ፤ የተከተለው ግን የለም።

ዙሌይካ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። «ስምንት ዓመት ዋሸሽኝ። ባውቅ ኖሮ በባዶ እግሬም ቢሆን መጥቼ አመጣሽ ነበር። አፉ አልልሽም።»

«እኔም አፉ አላልኩሽም» አለች ራዚያ። «ኮቱ ያንቺ ነበር።»

በሳምንቱ ሂንድ ብቻዋን መጣች፤ ከእናቷ የተላከ ሰላምታ የለም። ለትምህርት ቤት ሁለት ጉርድ ፎቶ ነው የምትፈልገው። ራዚያ አነሳቻት። ልጅቷ ታብሌቱ ላይ ፊቷን አይታ አፈረች፤ ግንባሯ ላይ ሁለት ብጉር ወጥቶባታል።

«አክስቴ፣ እሱን እንኳ አጥፊልኝ።»

«አላጠፋም» አለች ራዚያ፣ እንዳለም አተመችላት።