የሩቂያን ሺቲ የወሰድኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳን። በየጊዜው ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ስዘረግፍ ይህቺን አንዷን ምላሴ ሥር ደብቄ ተነሥቻለሁ። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለው አሰናብተውኛል። ከምኑ ነው የሚፈታኝ? ካልተናገርኩት? አሁንም ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ፊታችሁን ስለማላየው ብቻ ነው። ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

ባለፈው ሰሞን ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ለስፖርት ቀን ጠራኝ። አበባ ሰጡኝ። ወጣቱ የስፖርት መምህር ማይክራፎኑን ይዞ "በዚያ በደርግ ጊዜ፣ ሴት ልጅ ቁምጣ ለብሳ መሮጧ ነውር በነበረበት ዘመን፣ ለድሬዳዋ ሴቶች መንገድ የከፈቱ እናታችን!" አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ፤ አዎ፣ እጅ ነሣሁ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አስመለስኩ። ስኳሯ ተነሥቶባት ነው ተባለ። ስኳር የለብኝም። ያስመለሰኝ ያ "መንገድ የከፈቱ" የሚለው ነገር ነው። እኔ የአንዲት ልጅ መንገድ ዘጋሁ እንጂ ለማንም አልከፈትኩም።

ልጅቷ ሩቂያ ትባላለች። በመምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጅ አንድ ክፍል ነበርን። የሶማሌው ጦርነት አልፎ፣ ምልምል የጫኑ የጦር መኪኖች ወደ ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ የሚመላለሱበት፣ እኛ ተማሪዎቹም በየምክንያቱ ሰልፍ ወጥተን መፈክር የምናሰማበት ጊዜ ነው። እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ የከዚራ ሰፈር ልጅ። እሷ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከመጋላ ሰፈር ናት። አባቷ ሐጂ ዩሱፍ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሁለታችንም ረጅም ርቀት እንሮጥ ነበር። እኔ ስሮጥ ሳንባዬ ሊወጣ ይደርሳል፤ እሷ ስትሮጥ ታወራለች። እውነቴን ነው፣ ዳገት እየወጣች ስለ ትናንት ምሳዋ ታወራኝ ነበር። ስዘገይባት ተመልሳ "ነይ አቦ፣ ምን ሆነሽ፣ ተኛሽ እንዴ!" ትልና ከኋላዬ ሆና ትገፋኛለች። ያችን ግፊያ እንዴት እንደምጠላት! ደግነቷን ነበር የምጠላው። አሠልጣኛችን ጋሽ በላይ ሰዓታቸውን አይተው ሩቂያን በዝምታ ይመለከቷታል፤ እኔን ግን "በርቺ" ይሉኛል። በርቺ የሚባለው ለደካማ ነው።

ሐጂ ዩሱፍ ልጃቸው አስተማሪ እንድትሆን ፈቅደዋል። መሮጧን ግን አያውቁም። የደረሰች ልጃቸው ጭኗን ገልጣ ወንድ ፊት ትሮጣለች ብሎ የሚነግራቸው ቢኖር በቁማቸው ይሞቱ ነበር። እናቷ ታውቃለች፤ ዝም ትላለች። ስለዚህ ሩቂያ ንጋት ላይ ከቤት ስትወጣ ሰፊውን የድሬ ሴቶች ቀሚስ፣ ሺቲውን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ደብተር ይዛ ነው፤ ቁምጣው ከሥር ነው። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ እንገናኛለን። ወንዝ ስላችሁ ውኃ እንዳይመስላችሁ፤ ከጎርፍ ቀን በቀር ደቻቱ ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው፣ ለሯጭ ደግሞ ከእሱ የተሻለ የለም። እዚያ ሺቲዋን አውልቃ ትሰጠኛለች፤ ዘንቢሌ ውስጥ አድርጌ እጠብቅላታለሁ። እሷ ስትመለስ እኔ እሮጣለሁ፣ እሷ ደግሞ ዘንቢሉን ይዛ ትቀመጣለች። አሸዋው ላይ ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ሌባው ብዙ ነው፣ ፍየሉም ጨርቅ ያኝካል። ሕጋችን አንድ ነበር፦ ልብስ የያዘችው፣ የሮጠችው ሳትመለስ ንቅንቅ አትልም። እኔ በቱታ ከዚራ መሐል ብሮጥ የሚቆጣኝ ስለሌለ ይህ ሕግ ለእሷ ሲባል የወጣ ነው። አንድ ቀን "አንቺ ባትኖሪ እኔ የት ሮጬ!" ብላኛለች።

ታዲያ ጋሽ በላይ ሁለታችንንም ጠሩን። አዲስ አበባ ለሚደረገው የኮሌጆች ውድድር ለረጅም ርቀት አንዲት ሴት ብቻ እንደምትላክ፣ ቅዳሜ አወዳድረው እንደሚመርጡ፣ እዚያ የታየች ልጅ ትልልቅ ክለቦች ሊወስዷት እንደሚችሉ ነገሩን። ቅዳሜ ማን እንደሚያሸንፍ ሁላችንም እናውቃለን። ሩቂያ ግን ከቢሮው ስንወጣ ክንዴን ይዛ "ሁለታችንንም ውሰዱን ብለን ብንለምናቸውስ?" አለችኝ። ሳቅኩላት። ጥርሴን ገልጬ ሳቅኩላት። ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ ያለውን ብታዩት ትተፉብኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ነው። እግሬን ወለም ብሎኛል ብዬ ዋሸኋት፤ ዛሬ አልሮጥም፣ ልብስሽን ብቻ ልጠብቅልሽ አልኩ። ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቴን በመዳፏ አሸችልኝ። "ቅዳሜ ካልተሻለሽ ሌላ ቀን ያድርጉት እላቸዋለሁ" አለች። ከዚያ ሺቲዋንና ሻሿን አጣጥፋ ሰጠችኝና ወንዙን ይዛ ወደ ላይ ሮጠች። ኩርባው ጋ ስትሰወር ተነሣሁ። እግሬ ደህና ነበር። ዘንቢሌን አንሥቼ ሄድኩ። ያደረግኩት ይኸው ነው። የሚያምር ስም የለውም፣ ብዙም አይተረክም። አንዲት ልጅ አደራ የሰጠችኝን ልብስ ይዤ ሄድኩ። እኔ ወሰድኩት። ማንም አልገፋፋኝም፤ ካድሬ አላስፈራራኝም፤ ዘመኑ አላስገደደኝም። እኔ ነኝ የወሰድኩት።

ለብዙ ዓመት ለራሴ "ልጅነት ነው፣ ላስደነግጣት ብዬ ነው፣ ትንሽ ቆይቼ ልመለስ ነበር" እለው ነበር። ውሸት! ከወንዙ እስከ ቤቷ በቀፊራ በኩል ካልሆነ መሄጃ እንደሌላት አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ሐጂ ዩሱፍ ሱቃቸውን በጠዋት እንደሚከፍቱ አላውቅም ነበር? ስንት ጊዜ ከእሷው ጋር አልፌ ሰላም ብያቸዋለሁ። ልመለስ ከነበረስ ለምን ሄጄ ገበያው ዳር ከቲማቲም ሻጮቹ ጀርባ ቆምኩ? ለማየት ነው የቆምኩት።

ጠበቀችኝ። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል፣ ገበያው እስኪሞላ ድረስ ብቅ አላለችም፤ እኔ የምመለስ መስሏት ነበር ማለት ነው። በኋላ ከወንዙ ዳር ወጣች። በቁምጣና በካናቴራ፣ ፀጉሯ ተገልጦ፣ በሁለት እጇ ጭኖቿን ለመሸፈን እየሞከረች። እንዲያ እየሆኑ መራመድ እንኳን አይቻልም። ትንሽ ከሄደች በኋላ እጇን ለቀቀችና ሮጠች። ሰው ግራና ቀኝ ከፈተላት። አንዱ አፏጨ። አንዲት ሴት "ያ አላህ! የሐጂ ልጅ አይደለችም?" ብላ ጮኸች። ሐጂ ዩሱፍ ጫጫታውን ሰምተው በራቸው ላይ ወጡ። ይመቷታል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲመቷትም ፈልጌ ነበር መሰለኝ። አልመቷትም። ከመደርደሪያው አንድ ጣቃ ጨርቅ ሳቡና ዘርግተው ከራሷ እስከ እግሯ ጠቀለሏት። ደረታቸው ላይ አስደግፈው ወደ ውስጥ አስገቧት፤ የሱቁንም በር ዘጉ። የጨርቁ ጫፍ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ በሩን ትንሽ ከፈት አድርገው ጎትተው አስገቡት። ሺቲዋ እኔ እጅ ላይ ነበር።

በማግስቱ ሩቂያ ኮሌጅ አልመጣችም፤ ወሬው ግን መጣ። ጋሽ በላይ ጠርተው ልብሷ የት ደረሰ አሉኝ። "ጎርፍ መጣ" አልኳቸው። ድሬ ላይ ይህ ውሸት ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ ነው። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ሐረር ተራሮች ላይ የጣለው ዝናብ በድንገት ደርሶ ሰውም ግመልም ይወስዳል። ጎርፍ መጣ ካሉ ለምን ሸሸሽ፣ ለምን ጣልሽው የሚል የለም። "ድምፁን ሰምቼ ስሸሽ ዘንቢሉን ወሰደብኝ" አልኩ። ጎርፍ ከመጣ ከላይ በኩል እየሮጠች ያለችው እሷ በሕይወት እንደማትተርፍ እንኳን አላሰብኩም። ከዚያም ይባስ፣ ጎርፍ የወረደበት አሸዋ በአንድ ቀን አይደርቅም። ደቻቱ ከጋሽ በላይ ቢሮ መስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ነፋስ ሲነካው አቧራ ይነሣበት ነበር። ጋሽ በላይ በመስኮቱ ተመለከቱ። ከዚያ እኔን ተመለከቱ። ከዚያ "ቅዳሜ ሰዓት አክብረሽ ነይ" አሉኝ። የቀረቻቸው ሯጭ አንድ ብቻ ነበረች። ይህን የምነግራችሁ ግን ጥፋቴን ለእሳቸው ላካፍል አይደለም፤ ድርሻዬ ሙሉውን ነው።

ቅዳሜ ብቻዬን ሮጥኩ። አንደኛ ወጣሁ ተባለ።

ሩቂያ ከቀናት በኋላ ከአክስቷ ጋር መጣች። ትምህርቱን ማቋረጧን ልታስታውቅ ነው፤ ገጠር፣ ጀልዴሳ ላለ ዘመዳቸው ልትዳር ነበር። ጋሽ በላይ እኔ ባለሁበት "ሩቂያ፣ ልብስሽን ጎርፍ ነው የወሰደው?" አሏት። ዞር ብላ አየችኝ። ለአዲስ አበባ የተሰጠኝን አዲስ ቱታ ለብሻለሁ። ከአፏ አንድ ቃል ቢወጣ አብቅቶልኝ ነበር፤ ከኮሌጁም ያባርሩኝ ነበር።

"አዎ ጋሼ" አለች። "ጎርፍ ነው።"

በአጠገቤ ስታልፍ ግን ቆም ብላ "አልማዝ፣ አሸዋው ደረቅ ነበር እኮ" አለችኝ በቀስታ። አልተቆጣችም፤ የጠየቀችኝ ነው የሚመስለው። ከዚያ "በይ አቦ፣ ሩጪ እንግዲህ" ብላ አክስቷን ተከትላ ሄደች።

ለምን አዳነችኝ? ንቃኝ ነው? ሁለታችንም ከምንቀር አንዳችን እንሂድ ብላ ነው? ስንት ዓመት አሰብኩት። ብትሰድበኝ፣ ፀጉሬን ብትነጨኝ ኖሮ እኔም እሷን መጥላት እችል ነበር፤ ያንን እንኳን አልተወችልኝም።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ሦስተኛ ወጣሁ። ክለብ የሚባል ማንም አልጠራኝም፤ ሩቂያን ግን ይጠሯት ነበር፣ በዚህ አልጠራጠርም። በዚያች ሜዳልያ ስም የስፖርት አስተማሪ ሆንኩ፣ እንጀራዬን በላሁባት፣ ከተማው ሁሉ ሯጯ አልማዝ አለኝ። ሺቲውስ? መጣልም መመለስም አቅቶኝ አልጋዬ ሥር ወሸቅኩት። እናቴ ስትጠርግ አገኘችው። "የማን ነው?" ስትለኝ "የጓደኛዬ ነው፣ አርጅቶባት ሰጥታኝ ነው" አልኳት። ቀድዳ የወለል መወልወያ አደረገችው። በገዛ እጄ ስንቴ ቆሻሻ ውኃውን ጨምቄዋለሁ! አንድ ቀን እንኳን ይህን ተዪው አላልኳትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ አየኋት። ቀፊራ ውስጥ፣ ሎሚ ይዘው ከጀልዴሳ ከመጡ ሴቶች ጋር መሬት ተቀምጣ፣ ከገዢ ጋር እየሳቀች ታወራለች። ወፍራለች፤ ድምፅዋ ያው ነው። ሄጄ እግሯ ላይ መውደቅ እችል ነበር። ገበያው መሐል፣ በሰው ፊት፣ እንደ እሷ። ዘንቢሌን አጥብቄ ይዤ ዞሬ ሄድኩ። እንደገና ዘንቢል ይዤ ከእሷ ሸሸሁ።

ይህን መጻፍ ስጀምር መጨረሻው ላይ ይቅር በሉኝ ልላችሁ አስቤ ነበር። አሁን አፍራለሁ። እናንተን ምን አድርጌያችሁ ነው? ይቅርታው የእሷ ነው፤ እሷ በሕይወት መኖር አለመኖሯን ለማጣራት እንኳን ጀልዴሳ ድረስ አልሄድኩም። መኪናው በየቀኑ ይወጣል። ጉልበቴም ደህና ነው። የማልሄደው "ጎርፍ ነው" ብላ ደግማ እንዳታድነኝ ስለምፈራ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ድሬ ብትመጡና ስለ ሯጯ አልማዝ ቢያወሯችሁ፣ ሯጯስ ሩቂያ ነበረች በሏቸው። አልማዝ ልብስ ጠባቂ ነበረች። ልብሱንም አልጠበቀችም።