ለገስግስ የተላከ ካሴት

ባለፈው ሳምንት ሮም፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ዝናብ አባረረኝና ገብቼበት የማላውቀው ባር ውስጥ ተጠለልኩ። ዘግይቶ ነው የገባኝ እንጂ ቤቱ የፈረስ ውርርድ የሚካሄድበት ነበር፤ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ትንንሽ ወረቀት በጣታቸው እያሻሹ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቴሌቪዥን አንጋጠዋል፣ የእርጥብ ካፖርታቸው ሽታ የቡናውን ሽታ በልጦታል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቷል። ለሩጫ የተዘጋጁ ፈረሶች አንድ በአንድ እየተመሩ በክብ መንገድ ይዞራሉ፣ ከሥራቸው ደግሞ እኔ ላነበው የማልችለው ጽሑፍ ያልፋል። ማንበብ ባልችልም ኮሪያኛ መሆኑን አወቅሁት፤ እንዲህ ያለ ፊደል የተጻፈበት ካሴት ቤቴ መሳቢያ ውስጥ አለኝ። ከፈረሶቹ አንዱ ዳማ ነበር፣ ልጓሙን ይዞ የሚመራው ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ያወራዋል ማለት ነው። ያዘዝኩት ቡና ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

አባቴም እንዲሁ ያወራ ነበር። እንጅባራ አካባቢ፣ ፈረስ ከቤተሰቡ እንደ አንዱ በሚቆጠርበት አገር ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ታክሲ ነጂ ሆኖ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እኔን ይዞ እናቴን ተከትሎ ሮም የመጣ ሰው ነው። እናቴ ቀድማን መጥታ አንዲት ሲኞራ ቤት ፊሳ ገብታ ነበር፤ ፊሳ ማለት እዚያው እያደሩ መሥራት ነው፣ ወደኛ የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ገበያ ውስጥ የአትክልት ሣጥን መሸከም ሲሆን፣ ቆይቶ ካፓኔሌ ካለው የእሽቅድምድም ሜዳ አጠገብ የፈረስ ጋጣ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ፈረስ የማይፈራ ሰው እንደሚፈልጉ ሰማ። አገር ቤት ሳለ ስለ ግልቢያው የማይለው ነገር ስላልነበረ እናቴ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ እንግዲህ እናይሃለን» አለችው። ሄደ፣ ተቀጠረ፣ ሽማግሌው ከጋጣው ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍልም ጨምረው ሰጡን።

ልጅነቴን ሳስብ የማስበው ያቺን ክፍል ነው። ንጋት ላይ የምነቃው በኮቴ ድምፅ ነበር፤ ዝናብ የነካው ገለባ፣ አባቴ ኮቴያቸውን የሚቀባው ጥቁር ቅባት፣ የአጃውና የላቡ ሽታ ተቀላቅሎ በመስኮት ይገባል፣ ከልብሴም ከጸጉሬም ከደብተሬም አይለቅም። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ ቦታ ቀይሩልኝ ብላ መምህሯን ለምናለች፤ እኔ ግን አላፈርኩም፣ እሷ የምትሸተው ሳሙና ነው፣ ሳሙና ደግሞ ማንም ቤት አለ። ከሜዳው ባሻገር የጥንቱ የውኃ መተላለፊያ ቅስቶች ይታያሉ፣ ቻምፒኖ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ከጥዶቹ በላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ፈረሶቹ ጆሯቸውን ብቻ ዞር አድርገው ወደ ድርቆሻቸው ይመለሳሉ። ሁሉም ለምደውት ነበር፤ ያልለመደው አንዱ ብቻ ነው።

እሱ ገና ጥርሱን ያልጨረሰ ግንባረ ቦቃ ዳማ ነበር። የጣሊያን ስሙ ረጅምና ሽቅርቅር ስለሆነ አባቴ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ገስግስ አለው። እኛ አገር ደግሞ ሰው ለፈረሱ ስም ካወጣ ራሱም በዚያው ይጠራል፤ ጀግናውም ባላባቱም አባ እገሌ የሚባለው በፈረሱ ስም ነው። ወሬው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተዳረሰና ቀኑን ሙሉ ፍግ ሲጠርግ የሚውለው አባቴ አባ ገስግስ ተባለ። ሲጠሩት እየሳቁ ነው፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል፣ ትከሻው ግን ትንሽ ቀና ሲል አየው ነበር። ገስግስ በመጀመሪያ ውድድሩ ከሁሉ ኋላ ሲገባ «አባ ገስግስ፣ ከኋላ ቆመህ ማንን ነው የምትጠብቀው?» ብለው የቀለዱበት ጋሽ ወልዴ ነበሩ፤ ሮማኒና የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው ኮሪያ የዘመቱ፣ ወዳጃችን የሆኑ ሽማግሌ።

ፈረሱን የያዘው ፍርሃት እንጂ ስንፍና አልነበረም። ከውድድሩ በፊት ፈረሶቹ ሕዝቡ እንዲያያቸው በክብ መንገድ ይመራሉ፤ ገስግስ እዚያ ሲደርስ አንገቱን ይወረውራል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሩጫው ሳይጀመር ጉልበቱ ያልቃል። አባቴ መድኃኒቱን ያገኘው በወሬ ነው። ልጓሙን አሳጥሮ ይዞ፣ ትከሻውን ከፈረሱ ትከሻ አስጠግቶ፣ በዝቅታ በአማርኛ ማውራት ይጀምራል፤ የጤፉን መወደድ፣ የእናቴን ሲኞራ አመል፣ የኔን የሂሳብ ውጤት ሳይቀር ይነግረዋል፣ ፈረሱ መደንገጥ ሲጀምር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «ቀስ፣ የኔ ጌታ። ማን ያባርርሃል?» ለእሽቅድምድም ፈረስ የሚባል ነገር እንዳልሆነ እኔም አውቅ ነበር። ገስግስ ግን ጆሮውን ወደ አባቴ አፍ አዘንብሎ ረጋ ብሎ ይዞራል፣ ሲለቀቅ ደግሞ ያልባከነ ጉልበቱን ይዞ ይወጣል፤ ሳይቆይ ማሸነፍ ጀመረ። ሕዝቡ ፈረሱን ሲያይ እኔ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ የአባቴን ከንፈር አይ ነበር፤ ያቺ ክብ መንገድ የኛ ግቢ መስላኝ ነው ያደግሁት።

ሽማግሌው ባለቤት ሲሞቱ ልጆቻቸው ጋጣውን መበተን ጀመሩ፣ ገስግስም ለኮሪያ ሰዎች ተሸጠ። ሊወስደው የመጣው ሚን የሚባል ቀጭንና ዓይን አፋር ወጣት ነበር፤ እዚያም ፈረሱን የሚይዘው እሱ ስለሆነ እንዲላመደው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ መጣ። ጋሽ ወልዴ ይህን ሲሰሙ ክራቫታቸውን አስረው ሊያስተረጉሙ ደረሱ። ከዘመቻው ይዤው ተመለስኩ የሚሉትን ኮሪያኛ እያረፉ በክብር ተናገሩለት፣ ልጁም ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳቸው፤ ምን እንዳሉት ግን እሱም እሳቸውም ያወቁ አይመስለኝም። «ዋናው ነገር ተግባብተናል» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ገስግስ ግን አልተግባባም። ሚን ልጓሙን ሲይዝ ፈረሱ ወይ እንደ ግድግዳ ተገትሮ ይቀራል፣ ወይ በኋላ እግሩ ይቆማል፤ የጋጣው ኃላፊ እያየ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ለሰው አልገራ ያለ የእሽቅድምድም ፈረስ መጨረሻው ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከሰፈራችን ወደ ትምህርት ቤቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የፈረስ ሥጋ የሚሸጥ ሱቅ ነበር፣ በሩ ላይ የፈረስ ራስ የተሣለበት፤ አባቴ በዚያ በኩል አያልፍም፣ ጠዋት ሲያደርሰኝ እጄን ይዞ በሌላ መንገድ ያዞረኛል፣ ዝናብም ቢሆን። አሁን ደግሞ ራቱን ገፋ አድርጎ «እዚያ ማን ያወራዋል?» እያለ ይቀመጣል። ልጁ አማርኛ አይችል፣ ገስግስ ሌላ ቋንቋ አይሰማ፤ የማይገራ ነው ካሉት ደግሞ እዚያም ሥጋ ቤት አይጠፋም።

ሐሙስ እናቴ መጥታ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች ይህን ሰማች። ያን ጊዜ ስልክ ውድ ስለነበር አገር ቤት ካለ ዘመድ ጋር የምንገናኘው በካሴት ነው፤ ድምፃችንን ቀድተን በመንገደኛ እንልካለን፣ እንጅባራ ያለችው አክስቴም ሰምታ ስታበቃ እዚያው ካሴት ላይ የራሷን ቀድታበት ትመልሰዋለች። «አሎራ፣ እንግዲያውስ ለእህትህ እንደምትልከው ለሱም ቅዳለታ» አለችው እናቴ። ለቀልድ ነበር ያለችው። አባቴ ግን ተነስቶ ቴፑን ከመደርደሪያው አወረደ።

ካሴት የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ ቴፑ ፊት ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገና «ውድ ገስግስ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» ብሎ ጀመረ። እናቴ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ተንፈራፈረች፤ ገስግስ እኮ በዚያች ሰዓት ከግድግዳው ማዶ ቆሞ ድርቆሹን ያኝካል። ጋሽ ወልዴ በተራቸው ቀርበው ስለ ኮሪያ ብርድ መከሩት፣ በረዶ ላይ እንዳይቆም፣ ላቡ ሳይደርቅ ነፋስ እንዳያገኘው፤ እኔም እንዳትረሳን አልኩት። በማግስቱ ጠዋት ግን አባቴ ቴፑን ባትሪ አስገብቶ በትከሻው አንግቶ፣ ገስግስን እየመራ፣ እንደ ወትሮው እያወራ ዞረ፣ የቀረው ካሴት በዚያ ሞላ።

ካሴቱን ለሚን ሲሰጠው መጀመሪያ ወደ ጆሮው፣ ቀጥሎ ወደ ፈረሱ አመለከተ። ሚን አልሳቀም። በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ ተቀበለው፤ የተከበረ ነገር ሲቀበሉ እኛም አገር እንደዚያ ነውና የአባቴ ልብ ያን ጊዜ ትንሽ አረፈች። ገስግስን መኪናው ላይ ያወጣው ራሱ አባቴ ነው፣ ያቺኑ ቃል እያለው፤ በሩ ተዘግቶ መኪናው ከሄደ በኋላ ባዶ ማሰሪያውን ይዞ ወደ ክፍላችን ገባ፣ የት እንደሚሰቅለው ጠፋው።

ክረምቱን ሙሉ ወሬ አልመጣም። እሁድ እሁድ አባ ገስግስ ሲሉት አቤት ይላል፣ ሳቁ ግን የለም፤ ጠዋት ጠዋትም ሥጋ ቤቱን ሸሽተን ዙሪያውን መሄዳችንን አልተውንም። ጥዶቹ ሥር ያለው ሣር እንደገና ሲያቆጠቁጥ የጋጣው ኃላፊ ጠርቶ አንድ ትንሽ ጥቅል ሰጠው፤ ፈረስህ እዚያ ከሚወራላቸው ፈረሶች ግንባር ቀደሙ ሆኗል፣ እያሸነፈ ነው አለው። ጥቅሉ ውስጥ ጀርባው ላይ በኮሪያኛ የተጻፈበት ካሴት ነበር። እናቴ እስክትመጣ ሐሙስን ጠብቀን ሰማነው። መጀመሪያ አሸዋ የሚረግጥ ኮቴ፣ ቀጥሎ የአፍንጫ እፍታ፤ አባቴ «እሱ ነው» አለ። ከዚያ የወጣት ድምፅ በዝቅታ፦ «ከስ፣ የኔ ገታ። ማን ያባሪሃል?» ትንሽ ኮቴ፣ ደግሞ «ከስ፣ የኔ ገታ»፣ ካሴቱ እስኪያልቅ። ሚን ቃሉን ብቻ አልነበረም የወሰደው፤ አባቴ ከ«የኔ ጌታ» በኋላ የሚያርፋትን ዕረፍት፣ የጥያቄው መጨረሻ ላይ ድምፁን የሚያወርዳትን ነገር ሁሉ ወስዷታል። አባቴ እስኪያነባ ሳቀ፣ ቆይቶ ሳቁ ቀርቶ ዕንባው ብቻ ሆነ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ በሥጋ ቤቱ በኩል ቀጥ ብለን ሄድን።

ያ ሁሉ አሁን የለም። ጋጣዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ፣ የኛ ክፍል የነበረችበት ቦታ ላይ አረም በቅሏል፣ ጋሽ ወልዴም ክራቫታቸውን እንዳሰሩ ተቀበሩ። አባቴ የሞተው ልጄ ሳትወለድ ነው፤ አልቃሾቹ አባ ገስግስ እያሉ ሲጠሩት ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ለማን እንደሚለቀስ ግራ ገብቷቸው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ድምፁ ከጆሮዬ መራቅ ጀመረ፣ ያም ከሞቱ ባልተናነሰ አስደነገጠኝ። አክስቴ ጋ ደውዬ ካሴቶቹን ፈልጊልኝ አልኳት፤ ያልጠፉት ላይ ያለው የራሷ ድምፅ ነው፣ እሱ ሲያወራ የነበረበት ላይ ስለ ዝናቡና ስለ ላሟ እየነገረችን ደርባበታለች። ፎቶው ብዙ ነው፣ አይናገርም። እናቴ እንዴት ነበር የሚለው ስላት ትሞክርና ታለቅሳለች። የአባቴ ድምፅ ያለበት ብቸኛው ካሴት ለገስግስ የላክነው ነው፣ እሱም ኮሪያ ቀርቷል።

ዝናቡ ሲያባራ ቤቴ ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩ። ልጄ ከጣሊያንኛ ሌላ የምታውቀው ጥቂት የአማርኛ ቃል ነው፤ ኖኖ የምትለውን አያቷን በፎቶ እንጂ በሌላ አታውቀውም። የማታውቀውን ሽንጠ ረጅም ቴፕ አውጥቼ የሚንን ካሴት ስከትበት ስልኳን ትታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ኮቴው ተሰማ፣ አፍንጫው እፍ አለ፣ ከዚያ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ዕረፍቷ፣ መጨረሻ ላይ መውረዷ። እያዳመጠች ቆየችና «ኖኖ ነው?» አለችኝ።

«እሱ ነው» አልኳት።