እምቢ ያለው የአይስክሬም ማሽን

ሰው ጋቢ ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት አሰላ፣ የኔ ወተት ብቻ አልቀዘቅዝ አለ ብል ታምኑኛላችሁ?

ለልጆቼ ብዬ የአይስክሬም ማሽን ገዛሁ። ሻጩ፣ «የማሽኑን ጎድጓዳ ሳህን ቀንና ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ አቆይተሽ ቀዝቃዛ ወተት ጨምሪበት። ሲዞር ደግሞ እጅሽን እንዳትከቺ» አለኝ። ያለኝን አንድም ሳላስቀር አደረግሁ። ማሽኑ ዞረ፣ ዞረ፤ የወጣው ግን ያው ወተት! ይባስ ብሎ ጭስ ጭስ ይላል። ሞተሩ ተቃጥሏል ብዬ ሱቁ ድረስ ሄጄ ጮህኩበት። ቀየረልኝ። አዲሱም ያው ሆነ።

አሁን ደሜ ፈላ። «ና፣ ራስህ ሠርተህ አሳየኝ!» ብዬ ሻጩን ቤቴ ጎትቼ አመጣሁት። ፍሪዘሩን ስከፍት ሳህኑ የለም። ከጓሮ ጭስ ሸተተን።

ወጣን። ከጎበሳ ሊጠይቁን መጥተው የሰነበቱት አማቴ፣ የቀዘቀዘውን ሳህኔን የወይራ ፍም ላይ ደፍተው ያጥኑታል!

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ጭራሽ ትጮኺብኛለሽ?» አሉኝ፣ ከእኔ ብሰው ተቆጥተው። «ወተት ባልታጠነ ዕቃ ይቀመጣል? እኔ ጠዋት ጠዋት እያወጣሁ አጥኜ ባልመልስልሽ፣ ልጆቹን ምን ልታበያቸው ነበር?»

ወደ ሻጩ ዞርኩ፤ ሳህኑ እንደማይታጠን ይነግርልኛል ብዬ። እሱም የጎበሳ ልጅ ኖሯል።

«እውነታቸውን እኮ ነው» አለኝ ተቆጥቶ፤ «ሳታጥኚ ነው እንዴ ስትጮኺብኝ የከረምሽው?»