ሴንሰሩን ወደ ፊት

ልጄ ሞጣ ኮሌጅ የተማረችው ሁሉ በመጨረሻ በአንዲት ትንሽ ሞተር ላይ ተንጠለጠለ። ሞተሯ ለማሳያ የተሠራች ናት፤ ጭን ላይ ትቀመጣለች፣ ድምጿ ግን የወፍጮ ነው። በእንግዶች ፊት ሞተሩን አስነስቶ በደንብ ያሠራ ተማሪ እዚያው ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ይቀጠራል ተባለ። ሌላው ወደ ቤቱ ነው። የእኛ ቤት ቢቸና ነው። ሞተር የተማረች ሴት ቢቸና ውስጥ ምን እንደምትሠራ አላውቅም፤ ጋራዥ ደጃፍ ቆማ መሳቂያ ከመሆን በቀር።

ስለዚህ በዋዜማው በሶ ቋጥሬ ሞጣ ሄድኩ።

"እማ፣ ለምን መጣሽ?"

"ቤት ቁጭ ብዬ ከምብሰለሰል ብዬ ነው።"

"እዚህም መጥተሽ ልትብሰለሰይ?"

በተከራየቻት ክፍል ሞተሯ ወለሉ ላይ ማዳበሪያ ተነጥፎላት ተቀምጣለች። የቀረው ሴንሰር የሚሉትን ማሰር ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ግን አስረዳችኝ። ከሞተሯ ጎን ከባድ የብረት መዘውር አለ፣ በጠርዙ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ማግኔት ተቀብራለች። ሴንሰሩ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ የወጣለት ጥቁር ነገር ነው። መዘውሩ ሲዞር ማግኔቷ በሴንሰሩ አጠገብ ታልፋለች፤ ያን ጊዜ ሞተሯ ራስ ላይ ያለው ካንዴላ እሳት ይተፋል። እሳቱ በጣም ከቀደመ ሞተሯ ትራገጣለች፣ ከዘገየ ጉልበት ታጣለች።

መዘውሩን እንዳይዞር ያዝኩላት። ከክብሪት ካርቶን ቀድጄ በማግኔቷና በሴንሰሩ መካከል አስገባሁ፤ እሷ እስኪነካው አስጠግታ ብሎኑን አጠበቀች፣ እኔ ካርቶኑን ሳብኩት። ክፍተቱ ያችው የካርቶኑ ውፍረት ናት። ሴንሰሩ የታሰረበት ላሜራ ቀዳዳው ረዘም ያለ ስለሆነ ብሎኑ ከላላ ወዲህም ወዲያም ይንሸራተታል።

"ጣትሽን!"

"ገና አልተነሳችም እኮ፣ እማ።"

"ሞተር ናት፣ ምን ይታወቃል።"

"አንቺ ባለሽበት እሷም ትፈራለች።"

የማስነሻ ገመዱን ስትስበው ተነሳች። ትንሽ ታነክሳለች እንጂ ትሠራለች። "ነገ ቲቸር ሰምቶ ያስተካክልልኛል" አለች።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ልጄ ገመዱን ሳበች፣ ሞተሯ ተነሳች፣ ተጨበጨበ። እዚያ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት! አስተማሪዋ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና፣ "ከብዷታል። አጥፊያትና ሴንሰሩን ትንሽ ወደ ፊት አድርጊው" አላት።

"እሺ ቲቸር።"

መዘውሩ ወደሚዞርበት በኩል አንሸራተተችው። ሰው ሲሄድ ወደ ፊት የሚባለው የሚሄድበት ነዋ! ገመዱን ሳበች። ሞተሯ አንዴ አስላ ጭስ ተፋችና ዝም አለች።

"ወደ ፊት አልኩሽ እኮ!"

"እሺ ቲቸር።" ጨመረችበት። አሁን ማሳሏም ቀረ።

"አሁንም ወደ ፊት! ምን ያስፈራሻል?"

ከእንግዶቹ አንዱ፣ "እንግፋት እንዴ?" አለ። ሌላው ወደ እኔ እያየ፣ "እናትየዋ አሉ አይደል፣ እሳቸው ይግፏት" ብሎ አሳቃቸው። እየሳቁ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄዱ። እዚያ የአንድ ልጅ የውሃ ፓምፕ ሞተር እየሠራ ነበር። የተቀጠረውም እሱ ነው።

እንግዶቹ ለምሳ ሲወጡ ልጄ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

"ቲቸር፣ ወደ ፊት ማለት ወደየት ነው?"

"በፊት ነዋ! እሳቱ በፊት እንዲመጣ! ማግኔቷ ቀድማ እንድታገኘው ሴንሰሩን ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነው።"

"ወደ ኋላ?"

"አማርኛ አትሰሚም እንዴ?"

"ታዲያ ያኔውኑ ወደ ኋላ ቢሏት ምን ነበረበት?" አልኩ እኔ።

"እማማ፣ ይሄ ቴክኒክ ነው፤ ለእርስዎ አይገባዎትም" አለኝና ምሳው እንዳያመልጠው ተከትሏቸው ሄደ።

ወደ ኋላ ሳበችው። በመጀመሪያው ገመድ ተነሳች፤ ማነከሷም ጠፋ፣ እንደ አዲስ ልብስ ስፌት መኪና ትንሿሿ ጀመር። የሰማን ዘበኛው ብቻ ነው። "አጥፉልኝ እባካችሁ፣ እንግዶች ምሳ ላይ ናቸው" አለን።

ዕቃዋን ጠቅልለን ቢቸና ገባን። አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አቀርቅረው ሲሰሙኝ ቆዩና ድንገት ፊታቸው በራ።

"ፊት! ኅብረ ቃል እኮ ናት!" አሉ። አንዲት ቃል ሁለት ነገር ስትሸከም እንዲህ ይሏታል። "ያለፈውም በፊት፣ የሚመጣውም ወደ ፊት። እስከ ዛሬ እንዴት አመለጠችኝ?"

"ልጅቱ እኮ ሥራዋን አጣች" አልኳቸው።

"እሱስ ያሳዝናል" አሉ። ከንፈራቸው ግን ቃሏን እያላመጠ ነበር።

በነጋታው ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው የሞተሯን ነገር ለቅኔ ሰጧቸው። ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ ይሰማል፤ አንዱ ሲቀኝ ሌሎቹ "ይበል! ይበል!" ይላሉ። ልጄ ከአጥሩ ወዲህ ዘይት የነካውን ቱታዋን ታጥባለች። እጇን ከአረፋው አውጥታ አዳመጠች።

"እማ፣ አባዬ ዛሬ ምን አግኝተው ነው እንዲህ የደመቁት?"

"እንጃ" አልኳት።