ዳማ እና የተረፈችው ሁለት ሴንቲ

አባዬ የመኪና ፍቅሩ ልክ የለውም። አባቴ ስለሆነ የማጋንን እንዳይመስላችሁ፤ እማዬን ብትጠይቋት ከእኔ አብልጣ ትነግራችኋለች፣ እሷ ግን በሽሙጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቷል። በዚያ ሁሉ ዓመት እማዬ አንድም ቀን አብራው አልሄደችም። መጀመሪያ እኛ ትንንሾች ነበርን፤ ቀጥሎ ወንበር ሞላ ተባለ፤ ቀጥሎ ጉልበቷን አመማት፤ ብቻ አንድ ነገር አይጠፋም። ከአራት ዓመት በፊት የሰፋሁላትን ሰማያዊ ቀሚስ እንኳን “መንገድ ስሄድ እለብሰዋለሁ” ብላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የእሷ ድርሻ በር መክፈት ነበር። አባዬ ተሳፋሪውን አራግፎ ሲመለስ መታጠፊያችን ላይ ክላክሱን ሁለቴ ነካ ነካ ያደርጋል፤ እማዬ የያዘችውን ጥላ ትወጣና የግቢውን የብረት በር ሁለቱንም ወገን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። አውቶቡስ በእኛ በር እንደማይገባ እያወቀች ነው እንግዲህ።

ጡረታ ሲወጣ ዳማን ገዛ። ዳማ ትንሽዬ የጃፓን ስቴሽን ዋገን ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። መልኳ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ስለሆነ ነው ዳማ ያላት። ከፊት ቁጥብ ብላ ከኋላ ትረዝማለች፤ የኋላውን ወንበር ካጠፉት አንድ አልጋ ትውጣለች። ማርሿን ራሷ ነው የምትቀይረው። አባዬ ስለ እሷ ሲያወራ ሰው የሚያማ ነው የሚመስለው። ሞተሯ ሲንተፋተፍ “ዛሬ ከፍቷታል” ይላል። እማዬ ደግሞ እኔ ሲከፋኝ ግን አይታወቅህም ትለዋለች። ያም ሆኖ የመታጠፊያው ክላክስ አልቀረም፤ በሩም እንደዚያው ይከፈታል።

ከዚያ ስኳሩ ጠናበትና ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ነዳጅና ፍሬን የሚረግጥበትን፣ ሠላሳ ዓመት ስንቱን ሰው በሰላም ቤቱ ያገባበትን እግር። አላለቀሰም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና ተኛ፤ ስምንት ወር። ዳማም ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ተኛች። እማዬ ሾርባ ይዛ ትገባለች፣ ሾርባውን ይዛ ትወጣለች።

አንድ ቀን አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ዳማን ልግዛ ብሎ መጣ። ሊነዳት አይደለም፣ ሊበታትናት ነው። በሯን ለአንዱ፣ መብራቷን ለሌላው፣ ሞተሯን ለሦስተኛው ብሎ እዚያው አባዬ ጆሮ ሥር ይቆጥራል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከቤታችን ፊት ለፊት ናት፣ ደሜም ቶሎ ይፈላል። ሰፈሩ ያውቀኛል፤ ስናደድ መጀመሪያ መቀሴን አስቀምጣለሁ፣ ለደንበኞቼ ደኅንነት። መቀሱን አስቀመጥኩና ወደ ቤት ተሻግሬ አንተንስ ቢበታትኑህ የሚገዛህ ይገኛል ወይ አልኩት። አባዬ ከአልጋው ላይ ሆኖ “ተይው” አለኝ።  ያቺ “ተይው” አንጀቴን በላችው። ሰውየው በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሊወስዳት ተስማምተው ሄደ።

በማግስቱ አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊለካ መጣ። ሁለቱም እግሮቹ አይታዘዙለትም፤ የመጣው ግን ራሱ እየነዳ ነው። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ መኪናው መስኮት ውስጥ አንገቴን ሰገግ አደረግኩ። ከመሪው ሥር በግራ በኩል አንድ ዘንግ አለ፤ ወደ ፊት ሲገፋው ፍሬን ይይዛል፣ ወደ ጭኑ ሲጫነው ነዳጅ ይሰጣል። አለቀ። ይኸው ነው በቃ። ማን ሠራልህ ስለው የበያጁን ስም ነገረኝ፤ ሱሪው ግማሹ ተለክቶ ግማሹ ሳይለካ ትቼው ሮጥኩ። እግዜር ይስጠው፣ አልተቀየመኝም።

በያጁን ሁሉም ሰው ሚሊ ነው የሚለው፣ አንዲት ሚሊሜትር ስትዛነፍ ስለማይተኛ። የሰጡትን ልክ ይቆርጣል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሥራውን እሺ አለ፣ ግን አባትሽ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው ልለካ አለ። እዚህ ላይ አባዬ እምቢ አለ። ገና ዳማን ስጠራበት ነው ፊቱን ያዞረው፤ ባዕድ ሰው ተሸክሞ ሲያስገባው ሊታይ ነው እንዴ? ስንት ለምኜ፣ ስንት ተቆጥቼ፣ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብለን ተስማማን፦ የምለካው እኔ ብቻ ነኝ። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በእጅ መንዳቱን ዓርብ ይፈትነዋል፣ ነጋዴው ቅዳሜ ይመጣል። ፈታኙ ካሳለፈው ዳማ ትቀራለች፤ ከጣለው ቁልፉን ለነጋዴው ይሰጣል፣ እኔም ትንፍሽ አልልም።

እኔና እማዬ ደግፈን አስገባነው። ሸራው ሲነሳ የዳማ ሽታ፣ ያ የአሮጌ ወንበርና የዘይት ሽታ፣ ግቢውን ሞላው፤ አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ተንበርክኬ ከዘንጉ ቦታ እስከ ፍሬኑ መርገጫ ለካሁ፤ ደግሜ ለካሁ፤ እንደ ልማዴ ወረቀት ላይ ጽፌ ለሚሊ ላክሁለት። ወንበሯንም አዲስ ልብስ ሰፋሁላት፤ በቀኝ በኩል፣ ጉልበቱ የሚያርፍበት ላይ፣ ስፖንጅ ጨመርኩ።

አንድ ነገር ጎደለ። ግራ እጁ ዘንጉን ከያዘ መሪውን በቀኝ እጁ ብቻ ነው የሚያዞረው፤ ለዚያ መሪው ላይ የምትገጠም፣ እጅ ውስጥ የምትሽከረከር መያዣ ያስፈልጋል። ሚሊ ፈልጎ አጣ። ይህን ቤት ውስጥ ሳወራ እማዬ ሰማች። ጓዳ ገባችና የድሮ የእጅ ስፌት መኪናዋን አወጣች፤ እኔ ሙያውን የተማርኩባትን፣ እሷ እኛን ያለበሰችባትን። የመዘውሯን የእንጨት እጀታ በራሷ እጅ ፈታችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ዕንባዬ ሳይመጣ እጀታዋን ይዤ ወደ ሚሊ ሮጥኩ።

ረቡዕ ከሰዓት ዳማን ሚሊ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሞከርናት። ሚሊ ዘንጉን ሲገጥም ትንሽ ታግሎት ነበር፤ አዲስ ነገር መጀመሪያ ይጠብቃል አለ። አባዬ ፀጉሩን አበጥሮ፣ የአውቶቡስ ዘመን ኮቱን ለብሶ መሪው ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን አዞረ፣ ተነሳች።  ነዳጅ ሰጠ፤ ዳማ ጮኸች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ሁለት ክንድ ያህል ተጎተተችና ቆመች። እንደገና ሰጠ፤ ጮኸች፣ ቆመች። የሚቃጠል ነገር ሸተተን። በሦስተኛውም ያው ሆነ። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን በመስኮት ዘረጋልኝ።

“እጄ እግር አይሆንም፣ ልጄ። ለሰውየው ደውዪለት፤ ቅዳሜንም አይጠብቅ።”

ቁልፉን አልተቀበልኩትም። ፊቴን እንዳያየው ወደ ዳማ ኋላ ዞርኩ፤ ሌላ የምደበቅበት ቦታ አልነበረኝም። አባዬ መስኮቱን ሊዘጋ ቁልፉን መልሶ ሰክቶ ከፈተው። የኋላው ቀይ መብራት በራ። የፍሬኑ መብራት ነው። ፍሬኑን ልቀቀው አልኩት። አልያዝኩትም አለኝ። እጅህን አንሳ አልኩት፤ ሁለቱንም እጁን እንደተማረከ ሰው ወደ ላይ አደረገልኝ። መብራቱ እንደበራ ነው። ማንም ሳይነካው ፍሬኑ ተይዟል ማለት ነው። ምርር ብዬ ሚሊን በምን ልክ ነው የቆረጥከው ብዬ አፈጠጥኩበት። ወረቀቴን ከኪሱ አወጣ፤ እሱ ምን ሊያጠፋ። ስድሳ አራት ይላል፣ በእኔ ጽሑፍ። ሜትሬን ይዤ ተንበረከክሁ። ስድሳ ሁለት።

ያን ጊዜ ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሃያ ዓመት ጨርቅ ስለካ ኖሬ ለስፌት የሚታጠፍ ሁለት ሴንቲ ሳልጨምር ጽፌ አላውቅም፤ እጄ ነው የሚጨምረው፣ እኔ አላዘውም። ሌላ በያጅ ቢሆን ጠበቀኝ ብሎ ይከረክመው ነበር፤ እኔ ሄጄ ሄጄ ሚሊ ላይ ወደቅሁ።

“አባዬ፣ እጅህ ምንም አልሆነም፤ ብረቱን እንደ ቀሚስ ለክቼው ነው” አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሚሊ ግን ገባው፤ ብረት በስፌት አይታጠፍም እያለ፣ እየሳቀም እየተሳደበም ዘንጉን ፈታ። ሁለት ሴንቲዋን ቆርጦ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ገና ትሞቃለች። በይዶ መልሶ ሲገጥመው ሳይታገል ገባ። አባዬ ነዳጁን ለመስጠት ጊዜ ወሰደ፤ ዘንጉን ወደ ጭኑ ትንሽ ነካ አደረገው። ዳማ ዝም ብላ፣ በቃ ዝም ብላ፣ ሄደች። ግቢውን ዞረ። ደግሞ ዞረ። የእማዬን እጀታ በመዳፉ እያሽከረከረ በአሮጌ ጎማዎቹ ክምር መሀል ተሽሎክልኮ አለፈ። በስድስተኛው ዙር ግቢ ውስጥ የነበረው ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን ትቶ ያጨበጭብ ነበር፤ እኔ መሀል ቆሜ እንደ እብድ እጮሃለሁ፣ ምን እንዳልኩ አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት እማዬ አብሬ አልሄድም፣ ልቤ አይችልም ብላ ቀረች። ፈተናው ቦታ ወረፋ ስንጠብቅ ጭንቀቴ በዛና አባዬን “በአንድ እግሬ ነው የቆምኩት” አልኩት፤ ምላሴን ነከስኩ። አባዬ ግን በስምንት ወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። የእኔን ቦታ ልቀቂ አለኝ።

ፈታኙ መነጽር ያደረገ፣ ስክሪብቶ ጆሮው ላይ የሰካ፣ ፈገግታ የተከለከለ የሚመስል ሰው ነው። ዳማን ዞራት፤ ከመሪው ሥር አጎንብሶ ዘንጉን ገፋ፣ ሳበ፣ ነቀነቀ። ሚሊ አጠገቤ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ፈታኙ ገብቶ ተቀመጠ፣ በሩ ተዘጋ፣ ከግቢው ወጥተው ጠፉ። የቆዩት ሃያ ደቂቃ ነው አሉኝ፤ እኔ ግን አንድ ሙሉ ኮት የሰፋሁ ያህል ደከመኝ። ሲመለሱ አባዬ በሁለት መኪና መሀል ወደ ኋላ አስገብቶ፣ መስመሩን ሳይነካ አቆማት። ፈታኙ ሲወርድ ስክሪብቶው ጆሮው ላይ አልነበረም። ድንገት ቁሙ ብሎት ኖሮ፣ አባዬ ቀጥ ሲያደርጋት ስክሪብቶው የት እንደበረረ አላወቀም። የማለፊያው ወረቀት ላይ የሚፈርምበት ከእኔ ተዋሰ። ፈርሞ ሲጨርስ ወደ እንጨቷ እጀታ ጠቆመ።

“ይቺን ግን ከየት አመጧት፣ አባት?”

“የባለቤቴ ናት” አለ አባዬ።

ስንመለስ ለእማዬ አልደወልንም። ሚሊን ጋራዡ አወረድነው፤ እኔ ከፊት፣ አባዬ አጠገብ ተቀምጬ ቀረሁ። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ የማላውቀውን ሰው ሁሉ በመስኮት ሰላም እላለሁ። መታጠፊያችን ላይ ሲደርስ አባዬ ዳማን አቆማት። ቀኝ እጁን ከእጀታው አነሳና ክላክሱን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገው።

የብረቱ በር ወዲያው ተከፈተ፤ ሁለቱም ወገን፣ ወለል ብሎ። እማዬ መሀሉ ላይ ቆማለች። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች፣ ቦርሳዋን በክንዷ አንጠልጥላለች። አለፈ ወደቀ ያላት ሰው የለም፤ ከጠዋት ጀምራ እንደዚያ ሆና ነው የጠበቀችው። አባዬ ወደ ግቢው ሊያስገባ መሪውን ማዞር ሲጀምር በእጇ አስቆመችው። በእኔ በኩል መጣችና በሩን ከፈተች፤ ውረጂ፣ ከኋላ ግቢ አለችኝ። ክርክር አላውቅም መሰላችሁ? ያን ቀን ግን ወረድኩ። ገብታ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ አስተካከለች፣ ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

“ሠላሳ ዓመት የሰው ሚስት አመላለስክ። ዛሬ እኔን ውሰደኝ።”

አባዬ የእንጨት እጀታዋን ጨበጠ። ዕንባው እየወረደ ዘንጉን ወደ ጭኑ ነካ አደረገው፤ ዳማም በሩን አልፋ ቁልቁል ወረደች። እኔ ከኋላ ክራንቹን ታቅፌ ዞር ስል በሩ እንደተከፈተ ነው። እማዬ፣ በሩን ማን ይዘጋዋል አልኳት።

“ተይው” አለች፣ ዞርም ሳትል።