በየመሀሉ ውሃ ቅዳ

ሸንበቆ የሚል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁመት እንጂ ሥጋ የሚባል ነገር አልደረሰውም። እናቱ እጁን ይዛ ከሱቄ አጠገብ ወዳለው ጎሚስታ ስታመጣው ቁልፍ እየቀረጽኩ አየሁትና ሳምንት አይቆይም አልኩ።

“ትምህርቱን ከተወ ወዲህ አልጋ ላይ ነው የሚውለው። በእናትህ፣ ሰው አድርግልኝ” አለችው ጎሚስታውን።

“አንድ ወር አየዋለሁ እህቴ። እሱ የሠራው አንድ ጎማ ተመልሶ ከመጣ ግን ወደ ቤቱ ነው።”

የውስጡ ጎማ ተነፍቶ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ አረፋ ያወጣው ቦታ ይለጠፋል። ከመግጠም በፊት ደግሞ የውጪው ጎማ ውስጡ በባዶ መዳፍ ዙሪያውን ይዳሰሳል፤ የቀረ ሚስማር የሚገኘው በእጅ ነው። ልጁ መዳፉ እስኪላጥ ሠራ። ምሳውን እንኳ ቆሞ ነበር የሚበላው። ጎሚስታው ግን ጎማ ዳስሶ በጨረሰ ቁጥር “ውሃ ቅዳ” እያለ ይልከዋል፤ በርሜሉ ሞልቶ እያለ! ጭካኔ መስሎኝ ብዙ ጊዜ በሆዴ ሰድቤዋለሁ።

ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ጎሚስታው ምሳ ሊበላ ወጣ። ሸንበቆ ብቻውን የአንድ ታክሲ ጎማ በአሥር ደቂቃ ሠርቶ ሸኘና ወደ እኔ ዞሮ ደረቱን ነፋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጎሚስታው ከምሳ ከገባ በኋላ፣ ታክሲው ያው ጎማ ተንፍሶ ተመለሰ።

“ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? መሀል መንገድ ላይ ቀረሁ እኮ!” አለው ሾፌሩ ጎሚስታውን።

ሌላ ሚስማር ወግቶት ነው በል፣ አንተ ሞኝ፣ አልኩ በልቤ።

“እኔ ነኝ የሠራሁት” አለ ልጁ። ጎማውን ፈትቶ ውስጡን ሲዳስስ መዳፉ ደማ። አናቱ የተቆረጠ ቀጭን ሚስማር ነበር። “አንዱን ስነቅል ደስ ብሎኝ ሌላ መኖሩን ሳላይ ገጠምኩት።”

እንደገና ሠርቶ ሾፌሩን ሸኘ። ከዚያ ጃኬቱን አነሳ። አንጀቴን በላው።

ጎሚስታው ከመደርደሪያው የወተት ጣሳ አውርዶ ልጁ ፊት ገለበጠው። የዛገ ሚስማር መሬቱ ላይ ተበተነ።

“ምንድነው ጋሼ?”

“አንተ ያለፍካቸው ናቸው። ውሃ ቅዳ ብዬ በላክኩህ ቁጥር እኔ ደግሜ እዳስስ ነበር። መጀመሪያው ሳምንት ሰባት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ። በዚህ ሳምንት ምንም አላገኘሁም። ለዚህ ነው ዛሬ ተማምኜህ ምሳዬን የበላሁት።”

ልጁ አቀረቀረ። “እንግዲያው ልሂድ?”

“ሌላ ሚስማር ወጋው ብትለኝ ኖሮ ትሄድ ነበር።”

ሸንበቆ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ጣሳው ውስጥ መለሰ፤ የዛሬውንም ጨመረ። ቀጥሎ የመጣውን ጎማ ፈታ፣ ለጠፈ፣ ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ዳሰሰ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ባልዲውን አነሳ።

“ውሃ ልቅዳ ጋሼ?”

“በርሜሉ ሞልቷል” አለ ጎሚስታው። “ግጠመው።”