«እንብላ» ሲባል የሚቀመጥ ሰው

ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ጎንደር ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት መግባት ተውኩ። ምግቡ ከፍቶ አይደለም፤ ብቻዬን ተቀምጬ የሚያየኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ስለሆነ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የከብት ሕክምና ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በየጠረጴዛው ወይ ተማሪዬ የነበረ፣ ወይ የተማሪዬ አባት፣ ወይ ለቅሶ የደረሰኝ ሰው አይጠፋም። ገና ደጃፉን ስረግጥ «እንብላ» ይሉኛል። እኔም «ብሉ፣ ይባረክ» ብዬ ጥግ ፈልጌ እቀመጣለሁ። ከዚያ ከኋላዬ ከንፈር ሲመጥጡልኝ የምሰማ ይመስለኛል። ምናልባት ማንም አይመጥጥልኝም። እኔ ግን እህሉ አልወርድ ይለኛል።

ቤት መብላቱም አልሆነልኝም። ልጅ አልወለድንም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሁለታችን ከአንድ ትሪ ስንበላ ኖረናል። አሁን ያንን ትሪ ለአንድ እጅ ብቻ ማቅረብ ስላስጠላኝ ትንሽ ሳህን ገዛሁ። ሳህኑ ደግሞ ከትሪው ባሰ።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ እየወጣሁ መብላት ጀመርኩ። አንድ ሰሞን ፀዳ ሄድኩ፤ ግን ቅርብ ናትና የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ቤት እየሠሩባት ደረሱብኝ። ዳባት ድንች ወጡ ደህና ነበር፣ ብርዱ አባረረኝ። በመጨረሻ አይከል ላይ ረጋሁ። አይከል ማንም አያውቀኝም፤ ጥብሱም ከጎንደር ጥብስ ይሻላል። ይህን ስል የሚቆጡኝ ጎንደሬዎች አሉ፤ ይቆጡ። የአይከሉ ምግብ ቤት ባለቤት ሥጋውን አታደርቀውም፣ ቃሪያውን ከነፍሬው ትጨምርበታለች፣ እሳቱ ላይ እንዳለም ጥላው ወሬ አትይዝም። ይህን ሁሉ የሚነግሩት ሰው ሲጠፋ ጥሩ ምግብ ራሱ ያበሳጫል።

እዚያ ተቀምጬ ጥብሴን ስጠብቅ የማስታውሳቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። እንግሊዛዊ ናቸው።

ባለቤቴ ደህና በነበረችበት ጊዜ፣ ስለ ላሞች የእግር በሽታ ለሦስት ወር እንድሠለጥን እንግሊዝ አገር ገጠር ተልኬ ነበር። መንደሩ አንዲት ምግብ ቤት ብቻ ነበረችው፤ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ በግንቦት እንኳ ግድግዳዋ ውስጥ እሳት የሚነድባት። እሁድ እሁድ የአገሩ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። የሚቀርበው የበግ ሥጋ ጥብስ ነው፣ በስሱ ተቆርጦ። አጠገቡ ላዩ የሚንኮሻኮሽ ውስጡ የሚቀልጥ ድንች አለ፤ አተርና ካሮት አለ፤ ደግሞ ከዱቄትና ከእንቁላል የተጋገረ፣ መሐሉ የጎደጎደ ነገር አለ፤ መረቁን እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ያፈሱታል። በርበሬ የሚባል የለበትም። የመጀመሪያውን እሁድ የበሽተኛ ምግብ መስሎኝ ለራሴ አዘንኩ። በሁለተኛው አዋዜ በብልቃጥ ይዤ ሄድኩ። በሦስተኛው ብልቃጡን መርሳቴ ትዝ ያለኝ ሳህኑን ካጸዳሁ በኋላ ነው። ለምለም ሣር ሲበላ የኖረ በግ ነበር፤ በግ በሥራዬም በአፌም አውቃለሁ።

አጠገቤ ባለው ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ ከውሻቸው ጋር ይቀመጡ ነበር። ሦስት እሁድ ሙሉ ራስ በመነቅነቅ ሰላም ተባባልን እንጂ ቃል አልተነጋገርንም። በአራተኛው እሁድ የእኔ ምግብ ቀድሞ መጣ፣ የእሳቸው ገና ነበር። እኔ አጠገቤ ሰው ባዶ ጠረጴዛ ይዞ እያየኝ መጉረስ አልችልም፤ እናቴ እንደዚያ አላሳደገችኝም። ነገሩ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል እንኳ ሳላስብ፣ እጄን ወደ ሳህኔ ዘርግቼ «እንብላ» አልኳቸው።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል። አንዱ «እንብላ» ይላል፣ ሌላው «ብሉ» ይላል፣ ሁለቱም ጨዋ መሆናቸው ይታወቅና የሚበላው ይበላል። ሽማግሌው ግን ሳህኔን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ወንበራቸውን አንሥተው መጡ። ሹካቸውንም ይዘዋል። ተቀመጡና ከድንቾቹ ሁሉ ትልቁን፣ እኔ ለመጨረሻ ያቆየሁትን፣ ወግተው ጎረሱት።

ደነገጥኩ። ደግሞም ርቦኝ ነበር። የእሳቸው ሳህን ሲመጣ ግን መሐል ላይ አስቀመጡትና ከሥጋው ቆርጠው ወደ እኔ አደረጉ። ስለ በግ አወራን። ውሻቸው እግሬ ላይ ተኛ።

የዚያኑ ዕለት ለባለቤቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት መተንፈስ እስኪያቅታት ሳቀች።

«ታዲያ ለምን ጠራሃቸው?» አለችኝ።

«ወግ ነዋ።»

«ወጉን ማን ነገራቸው? እሳቸው ሸጋ ሰው ናቸው፤ ውሸታሙስ አንተ ነህ።»

ከተመለስኩ በኋላም ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንን ሳታወራ አታሳልፍም ነበር። ድንቹን ስትናገር ዓይኔ እንዴት እንደፈጠጠ በራሷ ዓይን ታሳያለች፣ እንዳየችኝ ሁሉ።

የቀሩትን እሁዶች ከሽማግሌው ጋር በላሁ። በመጨረሻው ቀን ካፖርታቸውን እየለበሱ «የሚመጣው እሁድ ትመጣለህ?» ብለው ጠየቁኝ። በማግስቱ ወደ አገሬ እንደምሄድ ነገርኳቸው። «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አሉና ጎንበስ ብለው የውሻቸውን አንገት ማሠሪያ ያስተካክሉ ጀመር፤ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። አድራሻቸውን አልጠየቅኩም። ወደ ሚስቴ የምመለስ ሰው ነበርኩ፣ ቸኩያለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ባለፈው ቅዳሜ አይከል ገበያ ስለነበር ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አስተናጋጇ ቆሜ ስታየኝ «አያ፣ ምነው ቆሙ? እዚህ ይቀመጡ» ብላ አንድ ገበሬ ፊት ለፊት አስቀመጠችኝ። ሰውዬው በታናሽ ወንድሜ ዕድሜ ነው፤ ጋቢውን አጣፍቷል፣ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፏል። ሽሮ ይበላል፣ ብቻውን። እኔ ጥብስ አዘዝኩ። እሱም እንደ ደንቡ፣ እጁን ከእንጀራው ሳያነሣ «አያ፣ ኑ እንብላ» አለኝ።

«ብሉ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ለጎረቤቱም፣ ለባልደረባውም፣ ለዘመዱም ያንኑ ስል ኖሬያለሁ፤ ኩራት ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። ትሪውን አየሁት። በእሱ በኩል ያለው እንጀራ ተቆርሷል፣ በእኔ በኩል ያለው ሙሉ ነው።

«እሺ» አልኩ።

ሰውዬው ጉርሻውን አፉ ደጃፍ ላይ እንዳደረሰ ቆመ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ድንቼ የተበላ ቀን የእኔ ፊት ነው። ቶሎ ግን ወደ ራሱ ተመልሶ ትሪውን ወደ መሐል ሳበና «ውኃ አምጭላቸው፣ ይታጠቡ» ብሎ አስተናጋጇን ጠራ። ታጥቤ ገባሁበት። ሽሮው ነጭ ሽንኩርቱ በዝቶበታል፤ ያም ሆኖ ትኩስ ነው። ጥብሴ ሲመጣ ሁሉንም ሽሮው አጠገብ ገለበጥኩት።

«ምነው ይህን ሁሉ?» አለ።

«ለብቻዬ አይወርድልኝም።»

«ቤት ማን አለዎት?»

«ማንም የለኝም። ባለቤቴ ሞታብኛለች።»

«ነፍስ ይማር» አለና ከሥጋው መልካም መልካሙን ወደ እኔ ገፋ ገፋ አደረገ። ከዚያ መብላቱን ቀጠለ። ያዘነልኝ እየበላ ነውና አልከበደኝም።

ሥራዬን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። እሱም በሬ ሊሸጥ መምጣቱን ነገረኝ፤ ከዚያ በፊት በነበረውም ቅዳሜ ይዞት መጥቶ ሳይሸጥለት ተመልሷል። በሬው በበሩ በኩል ይታያል፣ ባሕር ዛፍ ሥር ታስሯል። ቦቃ ነው፣ ሻኛው የሞላ። ትሪውን አጽድተን እንደተነሣን አፌ ቀደመኝ።

«የሚመጣው ቅዳሜ ትመጣለህ?»

የሽማግሌው ጥያቄ መሆኑን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሳቸውም የጠየቁኝ ስለ ምሳ ብቻ አልነበረም።

«በሬው ከተሸጠማ ምን ያመጣኛል፣ አያ» አለ። «አገሬ ሩቅ ነው። ካልተሸጠ ግን እመጣለሁ።»

ተከትዬው ወጣሁ። አንድ ገዢ በሬውን እየዞረ ያያል፤ ጀርባውን ዳበሰ፣ እግሩን አነሣ፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ። ከዚያ ትንሽ አመነታ። ዕድሜዬን ሙሉ ለገበሬ ከብቱ እንዲቀናው ስመኝ የኖርኩ ሰው፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ ይህ በሬ እንዳይሸጥ ተመኘሁ።

ወዳጄ በዱላው ወደ እኔ አመለከተ። «እሳቸውን ጠይቅ፤ የከብት ሐኪም ናቸው።»

ገዢው ወደ እኔ ዞረ። «እንዴት ያዩታል፣ አያ?»

ሽያጩን ለማፍረስ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ስለ ኋላ እግሩ ጥቂት ብጠራጠር፣ ራሴን ብነቀንቅ እንኳ።

«ሸጋ በሬ ነው» አልኩ። «እግሩም ጥርሱም ደህና ነው። ውሰደው።»